ወደ ጭላሎ የሚያየው ግድግዳ

ሐመልማል ቤት ልትሠራ ነው ሲባል አያቷ ወይዘሮ አፀደ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። በጭድ መሆኑን ሲሰሙ እልልታው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ።

«አምስት ዓመት ሕንፃ ተምረሽ፣ ጭድ?» አሉ። «ጭድ እኮ የከብት ነው፣ ልጄ!»

«አጥንቱ እንጨት ነው፣ እማማ። ጭዱ በእንጨቱ መሃል ተጠቅጥቆ ይገባና ከውስጥም ከውጭም በጭቃ ይመረጋል።»

«እሳትስ? አይጥስ? ምስጥስ?»

«ሌላስ?»

«ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። ዝናብስ?»

ሐመልማል ሳቀችና ልጇን ፀዲን አቀፈቻት። ነገሩ ሁሉ የመጣው በዚህችው ሕፃን ነው። ፀዲ አሰላ ላይ ብርዱ በሚጠናበት በኅዳር ተወልዳ፣ ገና በአራስነቷ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። ሁሉም የሚኖሩበት የወይዘሮ አፀደ ብሎኬት ቤት ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ያልበዋል። ሐኪሙም ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ ከዚህ እርጥበትና ቅዝቃዜ አውጧት። ስለዚህ የሚመጣው ኅዳር ሳይገባ ፀዲ ደረቅና ሙቅ ቤት መግባት አለባት።

«ታዲያ እሱኑ ብሎኬት ወፈር አድርገሽ አትሠሪውም?»

«ብሎኬት ቢወፍርም ያው ብርድ ነው። ሲሚንቶው ራሱ ስንት ድንጋይና ስንት ከሰል ተቃጥሎ እንደሚመጣ ብታዪ! ዛፉና ስንዴው ግን ሲያድጉ ከአየሩ የሳቡትን ካርቦን ይዘው ግድግዳችን ውስጥ ይቀመጣሉ።»

ወይዘሮ አፀደ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፤ አየር ግድግዳ ውስጥ ስለመቀመጡ ግን ማንም አላስተማራቸውም። ክርክሩን ተዉት። መተዋቸው ግን መስማማታቸው አልነበረም።

ሥራው በጥር ተጀመረ። ሟቹ ባለቤታቸው ጓሮ የተከሉት ባህር ዛፍ ከዓመት በፊት ተቆርጦ ጥላ ሥር ደርቋል። ከሳጉሬ የመጣው አናጢ ቱሳ ቋሚውንና ወራጁን ጫፍና ጫፉን እየቦረቦረ፣ ጣት ከጣት እንደሚቆላለፍ አድርጎ ያለ አንድ ምስማር ሰካካው። ወይዘሮ አፀደ በርጩማቸውን አስጠግተው ሲያዩ ዋሉ።

«እስቲ ይግፉት፣ እማማ አፀደ።»

ገፉት። ንቅንቅ አላለም።

«እንደሱ ነው የሚገፋው? የማይወዷት ምራት የሠራችውን ቤት እንደሚገፉ አድርገው ይግፉት እንጂ!»

«አንተ ባለጌ» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። በዚያ ቀን ምሳውን ራሳቸው አቀረቡለት።

ኮምባይነር አጭዶ የተወው የስንዴ ጭድ በአራት ማዕዘን ታስሮ በአይሱዙ መጣ። ከድንጋዩ መሠረት ላይ እንደ ብሎኬት እየተደረደረ ወጣ። ጣሪያውና ኮርኒሱ መሃል ደግሞ ታጥቦ የደረቀ የበግ ጸጉር ተነጠፈ። የቱሳ ሚስት ፈይሩዛ ለሳምንት የሰነበተ ጭቃ ይዛ ግድግዳውን በመዳፏ ስትመርገው፣ እጇ የሕፃን ገላ ቅባት የምትቀባ ይመስል ነበር። ወይዘሮ አፀደ እንዲህ ያለ ለስላሳ ምርጊት ከልጅነታቸው ወዲህ አላዩም።

ለእሳቱ ስጋታቸው ቱሳ መላ አመጣ። በጭቃ ተመርጎ የደረቀ አንድ እስር ጭድ የጋለ ከሰል ላይ ጣደ። ግማሽ ሰዓት ሞላ። ጭቃው ጠቆረ እንጂ ጭዱን ጭስ እንኳ አልነካውም።

«አጃኢብ ነው!» አሉ ወይዘሮ አፀደ። ቀጥለውም፣ «እሺ፣ እሳቱስ ይሁን። ዝናቡስ?»

ዝናቡ በሰኔ መጣ። ሐመልማል መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና ልኳት ፀዲን ይዛ አዳማ ሄዳ ነበር። ከጭላሎ ተራራ በኩል የተነሳው ዶፍ ወደዚያ የሚያየውን ግድግዳ ሲመታው ጭቃው እዚህም እዚያም እንደ እንባ ወረደ። ወይዘሮ አፀደ ልባቸው አብሮ ወረደ። ፈይሩዛ ምርጊቱን እንደምትደግመው ሐመልማል ነግራቸው ነበር፤ እሳቸው ግን መጠበቅ አልሆነላቸውም። በማግስቱ ከገበያው አጠገብ አንድ ለሳኝ ጠርተው ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለሰኑ። ሐመልማልም ቱሳም እንዳያውቁባቸው ደግሞ በላዩ ላይ ስስ ጭቃ አስቀቡትና ዝናቡ ያልነካው መሰለ። እፎይ አሉ። ክረምቱን ሙሉ ዶፍ በወረደ ቁጥር ወደዚያ ግድግዳ እያዩ «እሰይ» ይሉ ነበር፤ ለማንም ሳይናገሩ።

ጳጉሜ ላይ አዲሱ ቤት የበሰበሰ ድርቆሽ ሸተተ። በዚያው ግድግዳ በውስጥ በኩል፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ጥቁር እርጥበት ወጣ። ቱሳ ሦስት ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚያፈስ አላገኘም። ሐመልማል መሠረቱን አየች፣ ወረቀቶቿን ዘረጋች፣ ስሌቷን ደግማ አየች። በመጨረሻ ባዶው ወለል ላይ ተቀመጠች።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች። «አንድ ነገር ስቻለሁ፤ የቱ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ሦስቱ ግድግዳ አጥንት መስሎ ደርቆ አንዱ ይበሰብሳል? እንዲህ ባለ ቤት ልጄን አላስገባም። ቱሳ፣ ይፍረስ።»

ቱሳ መዶሻውን ይዞ ቀረ። ወይዘሮ አፀደ የሁለቱንም ፊት አዩ። ዝም ቢሉ ቤቱ ይፈርሳል፤ ፀዲም ሌላ ኅዳር በሚያልበው ብሎኬት ውስጥ ታሳልፋለች። ሐመልማልም የማታውቀውን ጥፋት ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማ ትኖራለች። ቢናገሩስ? ቢናገሩ ምን ፊታቸውን ይዘው ያዩዋታል?

«አትንኩት» አሉ። «እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነሽ፣ እማማ?»

«ሲሚንቶ አስለስኜዋለሁ። አንቺ አዳማ ሳለሽ። ጭቃውን በላዩ ያስቀባሁት... እንዳታዪብኝ ነው።»

ቱሳ ወጥቶ ግድግዳውን በመዶሻው ጀርባ መታው። ስሱ ጭቃ ረገፈና ግራጫው ብቅ አለ። ዙሪያውን ጸጉር የሚያህል ስንጥቅ ሞልቶታል።

«ወላሂ፣ እማማ አፀደ! ቤቱን የላስቲክ ካፖርት አልብሰውት በላብ ሊገድሉት!»

ሐመልማል አልሳቀችም። ተከትላው ወጥታ ስንጥቁን በጣቷ ነካችው።

«ጭቃ ቢረጥብ መልሶ ይደርቃል። ይኼ ግን ውሃውን በስንጥቁ አስገብቶ በሩን ዘጋበት።» ከዚያ ወደ አያቷ ዞረች። «ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ፣ እማማ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ ነዋ። መጀመሪያ ለፀዲ፣ በኋላ ደግሞ አንቺን።»

ሐመልማል ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላለችም፤ ግን ከቱሳ እጅ መሮውን ተቀብላ ሲሚንቶውን መፈርፈር ጀመረች። ወይዘሮ አፀደም አካፋ አነሱ። የሚከለክላቸው አልነበረም።

ታችኞቹ ሁለት የጭድ ረድፎች ጠቁረው፣ እንፋሎት እየወጣቸው ተሳቡ። ከእነሱ በላይ ያለው ግን ትናንት ከአውድማ የመጣ ይመስል ቢጫና ደረቅ ነበር። እንጨቱን ቱሳ በቢላው ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጎ «ጋሪ» አለ በኦሮምኛ፣ «ደህና ነው።» ያን ሁሉ በደል ችሎ ይህን ያህል መትረፉ ለወይዘሮ አፀደ ከእሳቱም ከምስማር አልባው ሥራም የባሰ ገረማቸው። ሦስት ሳምንት ግድግዳው ተከፍቶ የመስከረም ፀሐይና ነፋስ ጠጣ። ምትክ ጭድ ገባ። ሦስቱንም ዙር ምርጊት ወይዘሮ አፀደ ከፈይሩዛ ጎን ተንበርክከው አብረው መረጉ። ፈይሩዛ «ቀስ ይበሉ፣ በጣም አይጫኑት» ባለቻቸው ቁጥር «እሺ» እያሉ።

ከታሰበው ትንሽ ዘግይተው፣ ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት ገቡበት። አንድ ከሰዓት በኋላ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ጣለ። የብሎኬቱ ቤት ቢሆን ቆርቆሮው ሰው አያነጋግርም ነበር፤ እዚህ ግን የበጉ ጸጉር ድምፁን ውጦት ከሩቅ ይመስላል። ፀዲ በአንድ ቀሚስ ብቻ ተኝታለች። ወይዘሮ አፀደ አጎንብሰው ጆሯቸውን ደረቷ ላይ አደረጉ። ቀና አሉ። እንደገና አጎነበሱ።

«እማማ፣ ልትቀሰቅሻት ነው እኮ!»

«ዝም በይ» አሉ፣ ጆሯቸውን ሳያነሱ። «እየሰማሁ ነው።»

ፉጨት አልነበረም። ትንፋሿ ብቻ።