የበር ዘጊው ደወል

«ጎማውን ተወው፤ ጎማ ይቀየራል» አለ ወንዳፍራሽ፣ የተገለበጠውን ብስክሌት የኋላ ቸርኬ በመዳፉ እያሾረ። «ቤት ሊከራይ ሄዶ መጋረጃ አይቶ የሚመለስ ሰው አለ? የምታየው አጥንቱን ነው። ና፣ ጆሮህን እዚህ ጋ አድርግ። ምን ይላል?»

ቦጂያ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። «ምንም አይልም።»

«ምንም ካላለ ያንተ ነው። ግዛው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ያልሳቀችው ድንቅቱ ብቻ ነበረች። የብስክሌቱ ባለቤት የነበረው ባሏ ደቻሳ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እሷም ከሏን ገና አላወለቀችም። ከየሱፍ ጋራዥ አጥር ተጠግታ፣ ብስክሌቱን ሳይሆን ብስክሌቱን የሚያገላብጡትን እጆች ታያለች።

የቦጂያ አማች ተድላ ደግሞ ዓይኑን ከመሪው ላይ መንቀል አቅቶታል። በስተቀኝ ደወል የሚታሰርበት ቀለበት አለ፤ ደወሉ ግን የለም። ያን ደወል ቡራዩ ላይ የማያውቅ አልነበረም። አንድ ጊዜ ወድቆ ስለተሰነጠቀ ድምፁ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጎርናና ነበር። ደቻሳ የሞተ ዕለት ብስክሌቱን ከገፈርሳ ግድብ ውሃ ዳር ጎትተው አወጡት፤ ደወሉን ግን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡት።

«ደወል ከየሱፍ አዲስ ትገዛለህ» አለ ወንዳፍራሽ፣ የተድላን ዓይን ተከትሎ። «ሌላው ሁሉ ደህና ነው። የጣሊያን ብረት ነው፤ ልጅህም ይነዳዋል።»

ድንቅቱ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። «ኦቦ ኩምሳ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ብስክሌቱን ይውሰድ፣ ይባረክለት። ብቻ ከሁሉ ኋላ አታስቀምጡት።»

ኩምሳ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው፤ ዱቄት ከቅንድቡ ጠፍቶ አያውቅም። ከሁሉም በዕድሜ ስለሚበልጥ ጉዞውን የሚመራው እሱ ነው። «እሺ» አላት፣ ፊቷን ሳያይ።

እነዚህ ሰዎች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሱፍ ጋራዥ ደጃፍ ካልተሰበሰቡ ሳምንቱ ያለቀ አይመስላቸውም። ወሬያቸው ሌላ አይደለም፤ ማን ሳያርፍ ሰበታ ደረሰ፣ የማን ፍሬን የሱሉልታን ቁልቁለት ቻለ፣ የእንግሊዝ ይሻላል ወይስ የጣሊያን። የአንዱ ሲሰበር የሌላውን ይዋሳል። ሚስቱን ተቆጥቶ የማያውቀው ወንዳፍራሽ እንኳ፣ ብስክሌቱን ተውሶ ኮርቻውን ከፍ አድርጎ የመለሰለትን ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፎታል። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነውና ሲያኮርፍም በወግ ነው።

ተድላ ልብስ ሰፊ ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ ይውልና እሑድ ደግሞ ፔዳል ይረግጣል፤ «እግሩ ሰንበት አያውቅም» እያሉ ይስቁበታል። ሚስቱ ጠጅቱ የቦጂያ ታላቅ እህት ናት። ወንድሟ የደቻሳን ብስክሌት ሊገዛ ነው ሲባል አኩርፋ ቆይታ፣ ሲወጡ ተድላን በር ላይ አስቁማ ነበር።

«ዛሬውኑ ካልነዳሁት ብሏል አይደል? እሺ፣ ይንዳው። አንተ ግን ከኋላው ሁን» አለችው። «ከፊቱ ከሄድክ አታየውም።»

«ከኋላው እሆናለሁ።»

«ማልልኝ።»

«በመድኃኔዓለም» ብሎ ማለላት።

የሱፍ አዲሱን ደወል አጠበቀ። ቦጂያ በአውራ ጣቱ ነካ ሲያደርገው እንደ ብርጭቆ ጠራ። ከዚያ አራቱ ተከታትለው የአምቦን መንገድ ይዘው ወደ መናገሻ ወጡ፤ ኩምሳ ከፊት፣ ወንዳፍራሽ ቀጥሎ፣ ከዚያ ቦጂያ፣ መጨረሻ ተድላ።

ከገፈርሳ ግድብ ላይ የሚነሳው ጉም አመል አለው። ሰማይ ጠርቶ ሳለ ድንገት መንገዱን ይውጠዋል። ለዚህ ብለው ያወጡት ደንብ አላቸው። መሪው አንድ ጊዜ ይደውላል፤ ከኋላው ያለው አንድ ጊዜ ይቀበላል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። የመጨረሻው ሰው ግን ሁለቴ ነው የሚደውለው። ሁለቴ ማለት «ከእኔ በኋላ ሰው የለም፣ ሁላችንም አለን፣ ንዱ» ማለት ነው። ያን ሰው በር ዘጊ ይሉታል። በር ዘጊው ሁለቴ ከደወለ ማንም አይቆምም፤ ዞሮ ማየትም ክልክል ነው፣ በረጠበ መንገድ ዞሮ ያየ ሰው ጉድባ ውስጥ ነው የሚገኘው። ደቻሳ እስኪሞት ድረስ በር ዘጊው እሱ ነበር። ከሞተ ወዲህ ያን ቦታ ማንም በደስታ አይዘውም።

ሲሄዱ ሁሉም ሰላም ነበር። መስከረም ቢጠባም ክረምቱ ገና ጓዙን አልጠቀለለም፤ ሜዳው አደይ ለብሶ፣ ውሃው እስከ ሣሩ ሞልቶ ነበር። መናገሻ ላይ ዳቦ በሻይ በልተው፣ ብስክሌት ተለዋውጠው ሞክረው፣ ተሳስቀው ተመለሱ። ወደ ግድቡ ሲቃረቡ ነው ፀሐይዋ የጠፋችው። ተድላ ማጅራቱን በረደው። ከጀርባው ማንም እንደሌለ ያውቃል፤ የከበደውም ይኸው ማንም አለመኖሩ ነበር። አንድ ጊዜ የፔዳል ድምፅ ከኋላው የሰማ መሰለው። ፔዳሉን አቆመ። ከኋላው ያለውም ያቆመ መሰለው።

ፈራ። ፈራሁ ማለት ደግሞ አፈረ።

«ቦጂያ» ብሎ ጠራ፣ ድምፁን ቀለል አድርጎ። «እስቲ አንተ ከኋላዬ ሁን። ይሄን መንገድ አታውቀውም፣ ከፊትህ ሆኜ ጉድጓዱን ላሳይህ።»

«ጋሽ ተድላ፣ ከኋላ አይሁን አላሉም እንዴ?»

«ግድቡን እስክናልፍ ብቻ።»

ቦጂያ እሺ ብሎ አሳለፈው። ተድላ ከፊቱ ሲገባ ማጅራቱ ሞቀው፤ ወዲያውም የጠጅቱ ፊት ድቅን አለበት።

ጉሙ ወረደ። ከፊቱ ያለው ወንዳፍራሽ መጀመሪያ እግሩ፣ ቀጥሎ ጀርባው ጠፋ። ኩምሳ ደወለ፤ ወንዳፍራሽ ተቀበለ፤ ተድላ ደወለ፤ ከኋላው የቦጂያ ደወል ሁለቴ እንደ ብርጭቆ ጠራ። ተድላ ተነፈሰ። በስተግራ ውሃው አይታይም፣ ግን ይሸታል።

ጥቂት ወርደው ኩምሳ እንደገና ደወለ። ወንዳፍራሽ ተቀበለ። ተድላም ደወለና ጠበቀ። ከኋላው ዝም አለ። ከዚያ፣ ከዘገየ በኋላ፣ ሁለቴ ተደወለ።

ጎርናና ነበር።

«ሙሉ ነን!» አለ ኩምሳ ከፊት፣ እየነዳ።

ተድላ መሪውን አጥብቆ ያዘ። ያን ድምፅ ዓመታት ሙሉ ከጀርባው ሰምቶታል፤ የገዛ ሳሉን ያህል ያውቀዋል። ዞሮ ማየት ፈልጎ አንገቱ እንቢ አለው። «ቦጂያ» አለ፣ ግን አፉ ውስጥ ቀረ። ድምፁ እንደገና ሁለቴ ተሰማ፤ አሁን ራቅ ብሎ ነው። ተድላ ግድቡን አልፎ ባሕር ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ነው ፍሬን የያዘው። ሁለቱ እዚያ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

«ቦጂያስ?» አለ ኩምሳ።

«ከኋላዬ ነው።» ተድላ ወደ መጣበት ጉም ዞረ። «ከኋላዬ ነበር። አሁን የደወለው ግን እሱ አይደለም።»

«አንተ ምን ልታደርግ ፊት መጣህ?» አለ ወንዳፍራሽ።

ተድላ አንገቱን ደፋ። ወንዳፍራሽ ፊቱን አየና ነገሩን ተወው። «አዲስ ደወል ነው» አለ ቶሎ ቶሎ። «ውሃ ሲገባው ይጎረንናል። እኔ ራሴ አንድ ደወል ነበረኝ፣ ካፊያ ከነካው...»

ንግግሩን አልጨረሰም። ጉሙ ውስጥ ደወሉ ሁለቴ ተሰማ። ሦስቱም አዳመጡ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሁለቴ። ወንዳፍራሽ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ለምን እንዳወለቀ ሳያውቅ።

«ይመጣል» አለ ወንዳፍራሽ። «ሁለቴ ደወለ አይደል? ደህና ነው ማለት ነው። ጉሙ እስኪገፈፍ እዚሁ እንቁም።»

«አይመጣም» አለ ተድላ። «የሚመጣ ሰው ድምፁ ይቀርባል። ይሄ አንድ ቦታ ቆሟል።» ይህን እንደተናገረ ሌላ ነገር ደረቱን ወጋው። «ኦቦ ኩምሳ፣ አምና ደቻሳ የሞተ ዕለት ስንት ጊዜ ሰማነው?»

ኩምሳ ፊቱን ወደ ግድቡ መለሰ።

«እርስዎ ጆሮዎ አይስትም። ስንት ጊዜ?»

«ብዙ ጊዜ» አለ ኩምሳ፤ ቅንድቡ ላይ ያለው ዱቄት በጉሙ ረጥቦ ሊጥ ሆኗል። «ሁለቴ፣ ሁለቴ። ደቻሳ ዛሬስ ደወሉን ወዶታል ብዬ ሳቅሁ። ሙሉ ነን ብዬ ነዳሁ። ማታ ከውሃው ስናወጣው ነው የገባኝ። ለድንቅቱ እስከ ዛሬ አልነገርኳት።»

ሰው ወድቆ እርዱኝ የሚልበት ደወል በደንባቸው ውስጥ አልነበረም። የወደቀ በር ዘጊ የሚደውላት ያችኑ ሁለቷን ነው፤ እሷ ደግሞ «ንዱ» ማለት ነበረች። ደቻሳ በጠራቸው ቁጥር እነሱ እየራቁ ሄደዋል።

ተድላ ብስክሌቱን አዞረ።

«ወዴት?» አለ ወንዳፍራሽ። «ማን እንደሆነ ሳታውቅ?»

«ማንም ይሁን» አለ ተድላ። «እየጠራን ነው።»

እየፈራ ነው የሄደው። ከብስክሌቱ ወርዶ መግፋት ጀመረ። ዓይኑ ከጎማው በላይ አያይም፤ በጆሮው ነው የሚሄደው። ደወሉ ከፊቱ ሁለቴ ይላል፣ እሱ ይራመዳል፣ እንደገና ሁለቴ ይላል። መንገዱ ወደ ውሃው ከሚታጠፍበት ሲደርስ ድምፁ ከእግሩ ሥር የወጣ ያህል ቀረበ፤ ከዚያ ቆመ። ከኋላው የእግር ኮቴ ሰምቶ ክው ሲል ኩምሳ ነበር፤ ተከትሎት መጥቷል። ወንዳፍራሽም ብቻውን መቅረቱን አልወደደውም ይሆናል፣ ከእሱ ኋላ ያለከልካል።

ቦጂያ ከመንገዱ በታች ተንሸራቶ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ብስክሌቱ ላዩ ላይ ወድቆበት ነበር። በደህናው እጁ አንድ ጭብጥ ሣር ጨብጧል።

«ሀርካ ኮ» እያለ ያቃስታል። «እጄን ጋሽ ተድላ፣ እጄን ቀስ።»

ጎትተው አወጡት። ክንዱ ተሰብሯል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ነፍሱ ግን አለች። ተድላ ጋቢውን አልብሶት አቀፈውና እንባው መጣ፤ አልደበቀውም። «ይቅር በለኝ» አለው። «ፈርቼ ነው ወደ ኋላ የሰደድኩህ። ጉድጓድ ላሳይህ አልነበረም።»

ቦጂያ የሰማው አይመስልም። «እዚሁ አጠገቤ ቆመህ ስትደውል» አለ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ብጠራህ ብጠራህ ለምን ዝም አልከኝ? እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ትደውላለህ። ሣሩን ልለቅ ስል ትደውላለህ።»

ወንዳፍራሽ ብስክሌቱን ከጭቃው አነሳና መሪውን በእጁ ዳበሰ። አዲሱ ደወል ሲወድቅ ድንጋይ አግኝቶት ተጨፍልቋል፤ ምላሱ እንኳ አይነቃነቅም። ወንዳፍራሽ የተጨፈለቀውን ደወል ለኩምሳ አሳየው፤ ኩምሳ አየና አማተበ።

ጉሙ አልገፈፈም፤ ቦጂያ ደግሞ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ኩምሳ ቦጂያን የራሱ ብስክሌት አግዳሚ ላይ አስቀምጦ እየገፋ ከፊት ሆነ። ወንዳፍራሽ የራሱንና የደቻሳን ብስክሌት በሁለት እጁ ይዞ ተከተለ።

«እኔ ኋላ ልሁን?» አለ ወንዳፍራሽ። ከልቡ እንዳልሆነ ድምፁ ያስታውቃል።

«ሂድ» አለ ተድላ። «ኋላ እኔ ነኝ። ምያለሁ።»

«ዛሬ ማታ ድንቅቱ ቤት እሄዳለሁ» አለ ኩምሳ፣ ዞር ሳይል። «ራሴ እነግራታለሁ።»

በእግር ጀመሩ። በጉሙ የማይታየው ውሃ በስተግራ ሣሩን ይልሳል። ጥቂት እንደሄዱ ወንዳፍራሽ ከተድላ ዓይን ጠፋ፤ ከተድላ ኋላ ደግሞ ነጭ ጉም ብቻ አለ። ማጅራቱ እንደ ቅድሙ በረደው። አሁን ግን አልሸሸውም፤ ብርዱን ጋቢ እንደሌለው ሰው ዝም ብሎ ቻለው።

ከፊት የኩምሳ ደወል አንድ ጊዜ ተሰማ። የወንዳፍራሽ አንድ ጊዜ ተቀበለ። ከዚያ ሁለቱም ዝም ብለው የበር ዘጊውን ሁለት ደወል ጠበቁ።

ተድላ አውራ ጣቱን ደወሉ ላይ አደረገ። አንድ ጊዜ ደወለ። እጁን አነሳና፣ ሁለቱን ደወል ከኋላው ላለው ተወለት።