የእትዬ አሰፋች መደብ

ፀዳለ ወናጎ መንደር የደረሰችው እግሯን እየጎተተች ነበር። ዝናቡ ከዲላ ጀምሮ ሲከተላት አርፍዷል። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ሁለተኛው ክረምት ነው፤ እሷም ባሏ ከሞተ ወዲህ ዲላ ያለ ጣሊያናዊ ሐኪም ዘንድ ተቀጥራ ከየቤቱ መዥገር ትለቅማለች። ሰው የሚስቅበት ሥራ ነው። ሌሎቹ ሐኪሞች ትኩሳትን ሁሉ ወባ ሲሉ፣ ይኼኛው ግን ከቤት መዥገር የሚመጣውን፣ ለቀቀ ሲባል የሚያገረሸውን በሽታ ይከታተላል። መዥገሩን ጨፍልቆ በማጉያው ሲያይ እንደ ተጠማዘዘ ፀጉር ያለ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ካገኘበት፣ ለዚያ ቤት በሽተኛ መርፌ አስይዞ ረዳቱን ይልካል። ካላገኘ የወባ ኪኒን ብቻ ነው፤ መርፌው ጥቂት ነዋ።

እትዬ አሰፋች ሲራራ ነጋዴ የሚያሳድሩ ሴት ናቸው። መምጣቷን ሰምተው ኖሮ ወለሉም ግድግዳውም በእበት ተለቅልቆ ገና እርጥብ ነው። ጥግ ላይ ልጃቸው ድንቅነሽ ጋቢ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። ትኩሳቱ ሲመለስባት ሦስተኛው ነው፤ ዲላ ድረስ የምትሄድበት አቅም የላትም።

«መዥገር ፈልጌ ነው፣ እትዬ።»

«ምነው ልጄ! ጣሊያን አገሩን ሁሉ ወስዶ ሲያበቃ የቀረው መዥገር ነው?»

«የድንቅነሽ መርፌ ያለ እሱ አይመጣም።»

«እኔ ቤት ያለው መዥገር የሟቹ ባሌ ወንድም ብቻ ነው። እሱም ትናንት በልቶ ጠጥቶ ሄደ።»

ፀዳለ ሳቀች። ተንበርክካ ወለሉን በወስፌ ጫረች። ምንም የለም። እንግዳን ቤት አሰናድቶ መጠበቅ ያባት ወግ ነው፤ በሄደችበት ሁሉ ቤቱ ተለቅልቆ፣ መዥገር የሚደበቅበት ስንጥቅ ተደፍኖ፣ መደቡ ላይ የሚነጠፈው ቁርበት፣ ጅንዲው፣ ተራግፎ ይቆያታል። የመዥገር ብልቃጧ ባዶውን በተመለሰ ቁጥር ሐኪሙ «እዚያ በሽታው የለም» ይላል። እትዬ አሰፋችን የያዛቸው ግን ወግ ብቻ አልነበረም። ባለፈው ወር ከመንገዱ በታች መዥገር የተገኘበትን ቤት ወታደሮች አቃጥለውታል።

«ባልሽን ምን ነበር የገደለው?» አሉ ሴትየዋ ድንገት።

«ትኩሳት።»

«ወባ?»

«ወባ ነው አሉ። እየተወው፣ እየተመለሰ።»

ሴትየዋ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ።

ፀዳለ ተነሳች። ከማለዳ ጀምሮ አላረፈችም።

«ትንሽ ጋደም ልበል፣ እትዬ» ብላ ወደ መደቡ ሄደች። የምሯን ነበር እንጂ ዘዴ አልነበረም። እጇን ጅንዲው ላይ ከማሳረፏ እትዬ አሰፋች ክንዷን አፈፍ አደረጉ።

«እዚያስ አይሆንም! ድንቅነሽም እዚያ ነበር የምትተኛው። ይበሉሻል!»

ፀዳለ እጇን ከጅንዲው ላይ አነሳች።

«ምኖቹ ናቸው የሚበሉኝ፣ እትዬ?»

ሴትየዋ መደቡ ጫፍ ላይ ዘፍ አሉ። ለጣሊያን ተቀጣሪ መዋሸት አላቃታቸውም፤ የደከመ እንግዳ አስተኝቶ ማስበላቱ ግን አልሆነላቸውም።

«ቤቴን ያቃጥሉታል?»

ፀዳለ «አያቃጥሉም» ልትል አፏን ከፈተች።

«አላውቅም» አለች። «እንዳይነኩት እለምናለሁ። የሚሰሙኝ ግን አይመስለኝም።»

ልጅቱ ውሃ ጠየቀች። እናቷ ደግፈው አጠጧት፣ ግንባሯን ዳሰሱ፣ እጃቸውንም እዚያው ላይ አቆዩት።

«ቤት ተመልሶ ይሠራል» አሉ በመጨረሻ። ጅንዲውንም ራሳቸው ገፈፉት።

ከሥሩ ያለው መደብ አልተለቀለቀም። ወስፌው ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ደረቅ አፈር ፈሰሰ፤ አብረውትም አፈር የመሰሉ፣ የተጨማደዱ፣ የአተር ክክ የሚያህሉ መዥገሮች ወረዱ። ፀዳለ ለቅማ ብልቃጡ ውስጥ ከተተቻቸውና አፉን በጨርቅ አሰረች። ዝናቡ አባርቷል፤ ሳይመሽ ዲላ ለመድረስ አሁኑኑ መነሳት አለባት።

ቀና ስትል እትዬ አሰፋች የልብስ ሣጥናቸውን ወደ በሩ እየጎተቱ ነው።

«የት ሊወስዱት ነው?»

«እንሰቱ ሥር ነዋ። እሳቱ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?»

ሣጥኑ የበሩ ደፍ ላይ ተያዘ። ፀዳለ ብልቃጡን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችና ጎንበስ ብላ በወዲያኛው በኩል ያዘችላቸው።

«ተይው ልጄ፣ ደክሞሻል።»

«ደክሞኛል» አለች። ሣጥኑንም አንድ ላይ አነሱት።