ከሚስማሩ ያለፈችው ስንዝር

“ደግሞ ላኩ” አለች ተስኒም ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረች።

አባቷ ጀላሉዲን ዚፕ በወረቀት እየጠቀለለ ስለነበር ቀና አላለም። “ምን ይላሉ?”

“‘በጥቅልዎ ውስጥ ያልታዘዘ ዕቃ ተገኝቷል። ይህ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያዎ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ ሱቅዎ ይዘጋል።’ ፎቶም አለው።”

ፎቶውን አየው። ሁለት ነጭ የሸሚዝ ቁልፎች ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ማስመሪያ ተጋድሟል፤ ፖሊስ ደም የፈሰሰበትን ቦታ ፎቶ ሲያነሳ እንደሚያደርገው። ጀላሉዲን ቁልፎቹን አወቃቸው። ባለ አራት ቀዳዳ፣ ጥሩ ቁልፎች ናቸው።

“ጎደለ ነው የሚሉት?”

“የለም አባ፤ ተረፈ ነው የሚሉት።”

ጀላሉዲን ዕድሜውን በሙሉ ሲነግድ ስለጎደለ ዕቃ የሚጮህ ሰው ብዙ አይቷል። ስለተረፈ የተከሰሰ ሰው ግን ከራሱ በፊት አላየም። ዚፑን ጠቅልሎ ጨረሰና ጃኬቱን አነሳ።

“የት ልትሄድ ነው?” አለች ሚስቱ መሪየም ከውስጠኛው ክፍል። ስኳሯ ከፍ ስላለባት ሰሞኑን ከአልጋ አልወረደችም።

“ቢሯቸው።”

“ቁልፉን ተውላቸው በቃ። ማን ለመነህ?”

ጃኬቱን እየለበሰ ወጣ። እውነቷን ነው፤ የለመነው ሰው የለም።

ጀላሉዲን በገበያው ዳር፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ሱቅ ነበረችው። ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ክር፣ መርፌና የወገብ ላስቲክ ይሸጥ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ሱቋ መንገድ ሆነች፤ እሱ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ ዛሬ ብስክሌት ያልፋል። ዕቃውን ዓባይ ማዶ ወዳለው ቤቱ ሲያግዝ የባንኮኒዋን ጣውላም ይዞ መጣ። ጣውላዋ ላይ ሁለት የናስ ሚስማሮች አሉ፤ በመካከላቸው ልክ አንድ ሜትር ነው። ከቀኙ ሚስማር አንድ ስንዝር አለፍ ብሎ ደግሞ መቀስ የቆፈረው ጥልቅ ጭረት አለ። ጭረቱን የጀመሩት አባቱ ናቸው። ላስቲክ ከሚስማር እስከ ሚስማር ይለካል፤ የሚቆረጠው ግን ጭረቱ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ አባቱን ጠይቋቸው አያውቅም፤ እሳቸውም ነግረውት አያውቁም። ላስቲክ የሚቆረጠው እንዲያ ነው።

በዓባይ ማዶው ሰፈሩ ልብስ ሰፊ አያልፍም። ዕቃው አቧራ ሲለብስ ያየችው ተስኒም ናት ፎቶ እያነሳች ስልኩ ገበያ ላይ ያወጣችው። ጀላሉዲን አላመነበትም ነበር። ሰው ዚፕ ሳይከፍት ሳይዘጋ፣ በዋጋም ሳይከራከር ይገዛል ብሎ አላሰበም። ግን ገዙ። ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አካባቢ ያሉ ልብስ ሰፊዎች አንድ ዚፕ ያዛሉ፣ ብስክሌተኛው መጥቶ ይወስዳል፣ ብሩ ስልኩ ውስጥ ይገባል። ገዢው ከዚፑ ዋጋ ሌላ ለብስክሌተኛው ትንሽ ነገር ይጨምራል፤ እሱን ማንም አልጠላውም፤ ፔዳሉን ሲመታ ያዩታላ። የመሪየም መድኃኒት ከዚያ ስልክ ነው የሚወጣው። ሌላ የሚወጣበት ቦታ የለም።

ከዚያ ክፍያው መጣ። ዋጋው ከሁለት መቶ ብር በታች የሆነ ዕቃ የሚገዛ ሁሉ ሃያ ብር ይጨምራል፤ ከዚያ በላይ የሚገዛ ምንም አይጨምርም። የሠላሳ ብር ዚፕ ሃምሳ ብር ሆነ። የሁለት ሺህ ብር መጋረጃ ሁለት ሺህ ብር እንደሆነ ቀረ። ጀላሉዲን ይህን የሰማው የስልኩን ገበያ ከሚያካሂደው ድርጅት አይደለም፤ ከአስማማው ነው።

አስማማው ፔዳ ግቢ ፊት ለፊት፣ በረንዳ ላይ የተማሪ ሱሪ የሚጠግን ልብስ ሰፊ ነው። ሁለቱም ጢም ሳያወጡ ጀምሮ ከጀላሉዲን ነው የሚገዛው። የዚያን ለት ደወለና ሰላምታውን አሳጠረ።

“ጀላሉ፣ በዚፕ ላይ ሃያ ብር ጨመርህ አሉ። ብትቸገር ትነግረኝ አልነበር?”

ጀላሉዲን “ወላሂ አንድ ብር አልነካሁም” አለ። አስማማው “እሺ” አለ። ካላመነ ሰው የሚወጣ እሺ ነበር። ከዚያ በኋላ ከአስማማው ትዕዛዝ አልመጣም፤ ከጎረቤቶቹ ልብስ ሰፊዎችም እየሳሳ ሄደ።

ቁልፎቹን መጨመር የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሃያ ብሩን መመለስ አይችልም፤ ከዚፑ የሚያተርፈውም ያን አያህልም። ቢያንስ ጥቅሉን የሚፈታው ሰው ተዘረፍሁ እንዳይል በየዚፑ ሁለት ሁለት ቁልፍ መረቀ። የመጀመሪያው ምርቃት የደረሳት አንዲት ተማሪ ነበረች። የሌላ ሰው ቁልፍ በስህተት የመጣባት መስሏት “ለባለቤቱ ይመለስልኝ” ብላ ለድርጅቱ ጻፈች። አንደኛው ማስጠንቀቂያ የመጣው በእሷ ታማኝነት ነው።

ቢሮው ከአንድ ፋርማሲ በላይ፣ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቱ ጣናን ያሳያል፤ የሚያየው ሰው ግን አልነበረም፣ ሁሉም ስክሪን ያያል። ጀላሉዲንን የተቀበለው ምናሴ የሚባል፣ ለሥራ ከአዳማ የመጣ ወጣት ነበር። ወንበር ሳበለት፣ ውኃ ሰጠው፣ ጉልበቱን ሲያሽ አይቶ ሊፍቱ ስለተበላሸ ይቅርታ ጠየቀ። ሊቆጡት የሚያስቸግር ልጅ ነበር።

“ከእርስዎ እኮ ምንም አልወሰድንም፣ አባቴ” አለ ምናሴ። “የሚከፍለው ገዢው ነው።”

“ገዢውስ የማን ነው፣ ልጄ?”

ምናሴ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። “ስሙ የገዢ ጥበቃ ክፍያ ነው። ገዢው እንዳይጎዳ ነው።”

“ማን እንዳይጎዳው?”

“ዕቃው ሳይላክለት ቢቀር፣ የተበላሸ ቢላክለት፣ ቢታለል…”

“ማን ያታልለዋል?”

ምናሴ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ስክሪኑ አልረዳውም። “እንግዲህ… ሻጩ።”

“ሻጩ እኔ ነኝ።”

“በአጠቃላይ ነው የተባለው። እርስዎን ለማለት አይደለም።”

“ሃያ ብሩን ግን የሚከፍሉት የኔን ዚፕ ሲገዙ ነው። መጋረጃ የሚሸጠውንስ አይፈሩትም?”

“ከእሱም ጥበቃ አላቸው” አለ ምናሴ። “ግን በነጻ ነው።”

ጀላሉዲን ውኃውን ጠጣ። ከዚያ እስካሁን ስንት ሰው እንዳታለለ እዚያ ላይ ይታይ እንደሆነ እንዲያይለት ጠየቀው። ምናሴ የምሩን አየለት። ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ።

“አንድም የለም። መዝገብዎ ንጹሕ ነው፤ ከምርቃቱ በስተቀር።”

ምርቃቱ ለምን እንደማይፈቀድም አስረዳው። ብስክሌተኞቹ ዕቃውን በሚያራግፉበት መሰብሰቢያ ጥቅል የሚፈትሹት ልጆች ተረፍ ያለው ነገር ስጦታ ይሁን ስህተት ማወቅ አይችሉም፤ ስለዚህ ሁሉንም ስህተት ይሉታል። ጀላሉዲን ነገሩን ከየትኛውም ጎን ሲያገላብጠው ትክክል ሆኖ አገኘው። የባሰው ይኸ ነበር። ምናሴ ቀጠለና አንድ መላ ጠቆመው፤ ዚፑን በአሥር በአሥር አስሮ ቢሸጥ ዋጋው ሁለት መቶን ያልፋል፣ ሃያ ብሩም ይቀራል።

“ዚፑ የተበላሸበት ሱሪ አንድ ነው። ለአንድ ሱሪ አሥር ዚፕ ግዙ ልበል?”

“ብዙዎቹ እንደዚያ እያደረጉ ነው” አለ ምናሴ፣ በማዘንና በማፈር መካከል።

ሊሸኘው ተነስቶ ደረጃው አፍ ላይ ሲደርሱ የመጨረሻውን ነገረው። ሁለት ማስጠንቀቂያ ያለበት ሻጭ ጥቅሉ ሁሉ እየተከፈተ ይታያል። በቁጥር የሚሸጠው ይቆጠራል፣ በሜትር የሚሸጠው ይለካል።

“ላስቲኩም?”

“ላስቲኩም።”

ከዚያ ወደ ፔዳ በእግሩ ሄደ። ነዳጅ ከተወደደ ወዲህ ባጃጅ ከአንድ ዚፕ በላይ ያስከፍላል፤ ዚፕ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ሁሉን ነገር በዚፕ ይተምናል። አስማማው የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ ነበር። ከበስተኋላው አንድ ተማሪ ወገቡ ላይ ነጠላ አገልድሞ፣ ሱሪው እስኪያልቅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

“ጀላሉ” አለ አስማማው ሳይነሳ፣ ደግሞ ቅር ብሎት ተነሣ። “በእግርህ መጣህ? እንዲህ እያነከስህ?”

ጀላሉዲን የመጣበትን ተናገረ። ክፍያው የድርጅቱ እንደሆነ፣ አሁን ከቢሯቸው እንደመጣ፣ ጥበቃ እንደሚሉትና የሚጠብቁትም ከእሱ እንደሆነ ነገረው። እዚህ ላይ ተማሪው ሳቀ፤ ከዚያ የለበሰው ነጠላ ትዝ አለውና ጠርዙን ጠበቅ አደረገ።

አስማማው መቀሱን አስቀመጠ። “ስልኩ ላይ እኮ ስምህ ነው ያለው። ጀላሉዲን ይላል፣ ከሥሩ ሃያ ብር ይላል።”

“እኔ አልጻፍሁትም።”

“ይሁን፣ አልጻፍኸውም። ግን ባምንህም ሃያ ብሩን እከፍላለሁ፣ ባላምንህም እከፍላለሁ። ታዲያ ምን ልሁንልህ?”

አስማማው የመኪናውን መሳቢያ ስቦ ከአዟሪ የገዛቸውን ዚፖች አሳየው። አንዱን ከፈት ዘጋ ሲያደርገው ጥርሱ እጁ ላይ ቀረ።

“ይኸውልህ። በሳምንቱ ይዘውብኝ ይመለሳሉ” አለ። ተማሪው በርጩማው ላይ ተቁነጠነጠ። “ያንተ አይደለም ልጄ፤ ያንተ ከድሮው የጀላሉ የቀረኝ ነው። የመጨረሻው ነው።”

ጀላሉዲን ዚፕና ላስቲክ ራሱ ይዞለት እንደሚመጣ ተናገረ። አስማማው ጉልበቱን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ለአንዲት ዚፕ እያነከስህ ስትመጣ ላይህ ነው ወይ አለው። ከዚያ አስማማው እንደ ድሮው ዓይኑን ጠበብ አደረገ። ላስቲክ በገዛ ቁጥር ከመኪናው ጠርዝ ጋር እየለካ ያቺን ትርፍ ሲያገኝ ጎረቤቶቹን እየጠራ የሚያሳይ ሰው ነበር።

“ስንዝሯስ? እሷንም ከለከሉህ?”

ጀላሉዲን ምናሴ ደረጃው ላይ የነገረውን በደንብ ያስታውስ ነበር።

“እሷን ማን ይለካታል” አለ።

“እንግዲያው ሃያ ብሩን ይብሉት። ዛሬውኑ አዛለሁ።” አስማማው ወደ መኪናው ተመለሰ። “ስንዝሯ ካለች ጀላሉ አለ ማለት ነው።”

ቤቱ የደረሰው አሱር ተሰግዶ ካበቃ በኋላ ነው። ሰገደና ወጣ። ተስኒም ስልኩን ይዛ ጣውላው አጠገብ ትጠብቀው ነበር።

“ጋሽ አስማማው አዘዋል” አለች፤ ፊቷ በርቷል። “አንድ ዚፕ፣ አንድ ሜትር ላስቲክ። ከስንት ጊዜ በኋላ። ሃያውንም ከፍለዋል።”

ብስክሌተኛው በሩ ላይ ቆሞ ደወሉን ያንጫርራል። ከውስጥ መሪየም ማነው ስትል ተስኒም ትዕዛዝ ነው አለቻት፤ መሪየም አልሐምዱሊላህ አለች። መስኮቱ ላይ የመድኃኒቷ ካርቶን ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ የመጨረሻው ስለተነሳ የሚዘጋው ሰው አልነበረም።

ጀላሉዲን ዚፑን መረጠ። ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋውና ጠቀለለው። እጁ ወደ ቁልፉ ቆርቆሮ ሄዶ ነበር፤ መለሰው። የላስቲኩን ጥቅል አንስቶ ጫፉን ግራው ሚስማር ላይ አሳረፈና ሳይወጥር፣ ሳያላላ እስከ ቀኙ ሳበው። ከዚያ እጁ እንደ ልማዱ አለፈ። መቀሱ አባቱ በቆፈሩት ጭረት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

“አባ” አለች ተስኒም።

አስማማው ጥቅሉን የሚፈታበትን ሁኔታ ያውቀዋል። ዚፑን ወደ ጎን ያደርገዋል፣ መጀመሪያ ላስቲኩን ያነሳል፣ ከመኪናው ጠርዝ ጋር ያስተካክለዋል፣ ጣቱን ሜትሩ ላይ አድርጎ ያለፈውን ይፈልጋል። ምናልባት ጎረቤቶቹን አስቀድሞ ይጠራቸው ይሆናል።

ደወሉ እንደገና ተንጫረረ።

ጀላሉዲን መቀሱን ከጭረቱ አነሳው። አንድ ስንዝር ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኙ ሚስማር መለሰው። ናሱ ምላጩን ሲነካ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ቆረጠ። ሜትሩ በተስኒም እጅ ወደ ፖስታው ገባ፤ ስንዝሯ ከላስቲኩ ጥቅል ጋር ቀረች። በሚስማሩ ጥግ፣ እስከዚያ ቀን መቀስ ነክቶት በማያውቀው እንጨት ላይ፣ አዲስ ነጭ ጭረት ወጣ።