ቢንግ ያልጻፈው ግጥም

በደሴቲቱ ማቆያ ግጥም ያልሞከረ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። የአሜሪካ መርማሪዎች ወደ ሳን ፍራንሲስኮ እስኪያሳልፉን ወይም ወደ አገራችን ቻይና፣ ወደ ካንቶን እስኪመልሱን ድረስ ሥራ ስለሌለን፣ ሁሉም ያገኘውን ስለት እያነሳ የእንጨቱን ግድግዳ ይፈለፍላል። በየቀኑ የሚሰጡንን የጎመን ሾርባ የሚራገመው ግጥም ብቻ ግማሹን ግድግዳ ይዞታል።

ቢንግ ግን የምር ገጣሚ ነበር። አልጋው ከእኔ በላይ ስለሆነ የፈለፈለው ሁሉ የሚረግፈው ሻዬ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሰዉ ግድግዳው ሥር ተሰብስቦ አዲስ ግጥም ሲያነብ አገኘሁት።

ከጓሯችን ጉድጓድ እናቴ ስትቀዳ፣
ጨረቃ በባልዲ ትመጣለች እንግዳ።

ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ሁለቴ አነበብኩት። “የማን ነው?” ተባለ። ቢንግ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።

ምን ያድርግ? የመጣው በተገዛ ስም ነው። አሜሪካ ለመግባት ሲል በወረቀቱ እዚያ የሚኖር የሌላ ሰው ልጅ ነው፤ የዚያ ሰው መንደር ደግሞ ጉድጓድ የሚባል ነገር የለውም፣ ውሃ የሚቀዳው ከወንዝ ነው። መርማሪዎቹ የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው። “የኔ ነው” ካለ በመጣበት መርከብ ይመለሳል።

“የኔ ነው” አለ ያፕ።

ያፕ የነጋዴ ልጅ ነው፤ ወረቀቱ እውነተኛ፣ እሱ ግን ስሙን ለመጻፍ እንኳ የሚያልበው። ሰዉ በጨው የተቀመጠ የዳክዬ እንቁላል ሸለመው። ቢንግ ፊት ቁጭ ብሎ ጣቱን እየላሰ በላው።

“ሌባ” ይላል ቢንግ ከላይ ሆኖ። “ይሄ ደረቅ ጭንቅላት ከየት አምጥቶት ነው?”

“ታዲያ የማን ነው?” እለዋለሁ። ሰው ማናደድ እወዳለሁ።

“እኔ ምን አውቄ” ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ቢንግ ለምርመራ ሊጠራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ልብስ እያጠብን ሳለ ያፕ መጣ።

“ስማ ቢንግ፣ የቤታችሁ ጉድጓድ ውሃ ይጣፍጣል?”

ቢንግ ደሙ ፈላ። “የምን ጉድጓድ? እኛ ከወንዝ ነው የምንቀዳው።”

“ጎበዝ። ነገም እንደዚሁ በል” አለ ያፕ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ያን ዕለት የመርማሪዎቹ አስተርጓሚ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። አፍህን ስትከፍት አይቼ ነው የቀደምኩህ።”

“እንቁላሉስ?” አልኩት።

“እንቁላል እወዳለሁ።”

ቢንግ የያዘው ሸሚዝ ከእጁ ወደቀ። አንስቶ መልሶ ይፈትገው ጀመር፤ ማመስገን ራሱ ግጥሙ የእሱ መሆኑን ማመን ነውና።

በማግስቱ ቢንግ ምርመራውን አለፈ። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ሳን ፍራንሲስኮው ጀልባ ሲወጣ ጠባቂው ከጎኑ፣ አስተርጓሚው ከኋላው ነበሩ። ያፕ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከኩሩ አፉ ይወጣል ብዬ አስቤው የማላውቀውን ተናገረ።

“ያፕ ወንድሜ፣ ግጥምህ ግሩም ነው” አለው። “ለእናትህ ስትጽፍ፣ ሰላም በልልኝ።”