የፈንታው ደም

በሠልስቱ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከጉና ተራራ ወርዶ ዳሱን ይደበድብ ነበር። የቤተ ልሔም ደብር ካህናት ፍትሐቱን አድርሰው ሄደዋል። የሟቹ የፈንታው የአደን ባልንጀራ አለበል ከወንዶቹ መካከል ተነሥቶ ፎከረ። ሰስን፣ ያን የገደል ሚዳቋ፣ ተኩሶ የሚያወርደውን፣ ነብር ፊት ለፊት የሚጠብቀውን ፈንታውን አወደሰ። ሲጨርስ ፈንታው ከጣልያን የማረከውን ምንሽር ጠመንጃ አንሥቶ በሟቹ ታናሽ ወንድም በጣሰው ጭን ላይ አኖረው።

መበለቲቱ አስካለ ከሴቶቹ ወገን ሆና አየች።

በአዳኞቹ ሥርዓት፣ አውሬ የገደለው ሰው ደም እንደ ማንኛውም ደም ይመለሳል። የሟቹ አጎት አያ ወልደማርያም ይህንኑ ዝግ ብለው ተናገሩ፤ ፈንታውን ከገደል የጣለው ነብር ነውና፣ ጣሰው ከአርባው በፊት ወጥቶ ነብሩን መግደል አለበት። ጣሰው ገና ሃያ ዓመቱ ነው። ከእንግዲህ በዚያ ቤት እርፍ የሚጨብጥ ሌላ ወንድ የለም።

ጎረቤቷ ሙሉነሽ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ፈንታው እኮ ካንቺ ይልቅ የተራራውን ጅብራ ግንድ አቅፎ ያደረበት ሌሊት ይበዛል፤ ምኑን ታለቅሺዋለሽ» አለቻት። ማጽናናቷ ነበር። አስካለ ግን አላለቀሰችም። ሦስት ቀን ጥርሷን ነክሳ ስትቀመጥ፣ ለቀስተኞቹ ሐዘን ያደረቃት መስሏቸው ነበር።

ያደረቃት ቁጣ ነው።

ገብሱ አውድማ ላይ ተከምሮ ሳለ ፈንታው ወደ ተራራው ይሄዳል። አንዲት ልጃቸው በኩፍኝ ስትሞት እሱ ጉና ላይ ነበር። ሲመለስ ቤቱ ይጠበዋል፤ ደጃፍ ላይ ይተኛል፤ ስትጠራው ከሩቅ እንደሰማ ሰው ዘግይቶ ይመልሳል። ሥጋ ይዞ ቢገባ ባልከፋት። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ባዶ እጁን ነው። አንድ ጥቅምት፣ ሌላ ሴት ጠርጥራ ተከተለችው። ከገደሉ አፋፍ ተቀምጧል። ሰስ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ቆሞ ያየዋል። አልተኮሰም። ሰሱ ሄደ፤ እሱ ግን ጉም የሞላውን ባዶ ማየቱን አላቋረጠም። እንዲህ ያለ ፊት በሠርጋቸው ቀን እንኳ አላየችበትም። ጣውንቷ ሴት ብትሆን አስካለ ጠጉሯን ትነጭላት ነበር። የተራራ ምኑ ይነጫል?

አስካለ ተነሥታ ወደ ወንዶቹ ተሻገረች። ሴቶቹ ቀሚሷን ሊይዙ ሞክረው አመለጠቻቸው።

«አያ፣ ገላውን ያጠቡት እርስዎ ነዎት። የጥፍር ጭረት አግኝተዋል?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አዩ። አላገኘሁም አሉ።

«አለበል፣ የትኛው ነብር ነው ጥፍር የሌለው?»

አለበል፣ «ነብር አልነበረም» አለ። «ፈንታው ከገደሉ አፋፍ ተቀምጦ ነበር። ጉሙ ሲገፈፍ ተነሣ፤ የጠራው ያለ ይመስል ወደ ፊት ተራመደ። ይህን ብዬ እንዴት ልፎክርለት?»

«ፉከራህ እንዲያምር ይህን ልጅ ወደ ገደል ልትሰድድብኝ ነበር?»

አያ ወልደማርያም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ነብር ከሌለ የሚመለስ ደም የለም ሲሉ ፈረዱ። ከሴቶቹ ወገን ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ከወንዶቹ አንዱ ጠመንጃውን ከጣሰው ጭን ላይ ወሰደ። ጣሰው መወሰዱን ያወቀ አይመስልም።

«አለበል» አለ ጣሰው ዝግ ብሎ። «ወንድሜ ከተቀመጠበት ምን ይታያል?»

አለበል ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ የአስካለን ዓይን አይቶ መልሶ ዘጋው። ጣሰው ግን መጠበቁን አልተወም።

አስካለ ሴት በማትቀመጥበት፣ ከወንዶቹ መካከል፣ ከጣሰው ጎን ተቀመጠች። መሬት የነካውን የጋቢውን ጫፍ፣ እንደ ወንድሙ ተነሥቶ እንዳይሄድባት፣ በባዶ እግሯ ረገጠች። ለቀስተኛው እስኪበተን ድረስ እግሯን አላነሣችም።