ሦስት እጅ ቫርኒሽ

ካቻቪቴው ለሦስተኛ ጊዜ ከእጁ አምልጦ በኮሪደሩ ወለል ላይ ሲንከባለል፣ የሂሳብ መምህሩ ከራሱ ጋር ተጣላ። ገና ሁለት ብሎን ይቀረዋል። ሚስቱ እናቱን ይዛ ከምትመጣበት ታክሲ ውስጥ ደውላ፣ «ደርሰናል በለው፣ በናትህ ቤቱን እንኳ ጠረግ ጠረግ አድርገው» ካለችው አሥር ደቂቃ አልፏል።

«አለቀ እኮ!» ብሏት ነበር።

«አንተ ዘንድ ያለቀ ነገር? እስቲ አይቼ ልመን።»

አይፈረድባትም። ቤቱ ራሱ ምስክር ነው፤ በር የሌለው የጫማ ሳጥን፣ ባለ ሁለት እግር በርጩማ፣ ጠቋሚ ያልገባለት የግድግዳ ሰዓት። ያቺን በኮምፒውተር የምትታዘዝ ትንሽ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ገዝቶ ጓሮ ካስገባት ወዲህ እንዲህ ነው። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ይስላል፣ ማሽኗ የሳለውን ጣውላው ላይ እየጮኸች ትቀርጻለች፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ እንደ ሕፃን ይፈነድቃል። ማለስለሱና መቀባቱ ሲመጣ ግን ልቡ ሌላ ሥዕል ላይ ነው። ሚስቱ «ጀማሪው» የምትለው ለዚሁ ነው።

የዛሬው ግን ጨዋታ አይደለም። የእናቱ ዐይን ከደከመ ዓመት አለፈው። ባለፈው ወር ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት ሽንት ቤቱን በዳበሳ ሲፈልጉ ወድቀው ትከሻቸው ተጎዳ። እሱ ቤት እንዲኖሩ ስንት ቀን ተለምነው በመጨረሻ የሰጡት ቃል ይኸው ነው፦ «አንድ ቀን እሞክረዋለሁ። ሰው እጄን ይዞ ሽንት ቤት የሚወስደኝ ከሆነ ግን በማግስቱ ወደ ቤቴ!» ሴትዮዋ ደግሞ አንዴ ካሉ አሉ ነው።

ስለዚህ ከመኝታቸው እስከ ሽንት ቤቱ ግድግዳውን ይዞ የሚሄድ የእጅ መደገፊያ ሠራ። ማሽኗ ትንሽ ስለሆነች በሦስት ቁራጭ ቀርጾ ገጣጠመው። በየበሩ ምልክት አለው፤ መኝታ ቤት ጋ አንድ ጭረት፣ ወጥ ቤት ጋ ሁለት፣ ሽንት ቤት ጋ ሦስት። በጣት እየቆጠሩ መሄድ ነው። ደግሞስ በዚህኛው ማን ይማው! አራት ቀን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀባ፣ በየመሀሉ እንደገና አለሰለሰ። ጣውላው መስታወት መሰለ።

የመጨረሻውን ብሎን ሲያጠብቅ በሩ ተከፈተ።

«ይሄ ምንድነው የሚሸተው? ቤቱን ልታቃጥሉት ነው?» አሉ እናቱ ገና ደፉን ሳይሻገሩ።

«ቫርኒሽ ነው እማዬ። እጅሽን አምጪ።»

«ይዘኸኝ ልትሄድ?»

«ኧረ በፍጹም! እዚህ ጋ ላስይዝሽ ነው።» ጭረቶቹን አንድ በአንድ ነገራቸው።

ሚስቱ መደገፊያውን ስታይ አፏን ያዘች። «ውይ! ይሄን አንተ ነህ የጨረስከው?» ደስታው ጆሮው ድረስ አሞቀው።

እናቱ መዳፋቸውን ጣውላው ላይ አድርገው ተራመዱ። ወጥ ቤቱን አለፉ። ሽንት ቤቱንም አለፉት። ጣታቸው ባዶ ግድግዳ ሲነካ ቆሙ።

«ሦስቱ የታሉ?»

«አለፍሻቸው እኮ፣ እማዬ።»

ተመልሰው ዳበሱ። እንደገና ዳበሱ። «ምንም የለም። እንደ ሳሙና ያንሸራትታል እንጂ። ከእጅ አይሻል ዶማ አሉ!» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ። «ለማንኛውም ለፍተሃል፣ ተባረክ። ለዛሬ አንተው ታደርሰኛለህ። ነገ እሄዳለሁ።»

ዐይኑን ጨፍኖ ራሱ ዳበሰው። እውነታቸውን ነው። የጭረቶቹን ጠርዝ ብርጭቆ ወረቀቱ በልቶታል፤ የተረፈውን ቫርኒሹ ሞልቶታል። ለዐይን ያምራሉ፣ ለጣት ግን የሉም። በሕይወቱ አንድ ነገር ቢጨርስ ጨርሶ አጠፋው። እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«ቆይ፣ አስተካክለዋለሁ፣ ዛሬውኑ ድጋሚ እቀርጸዋለሁ...» ወደ ጓሮ ሊሮጥ ሲል ተመለሰ፣ ካቻቪቴውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ።

«እስቲ አንድ ቦታ ቁም!» አለች ሚስቱ። «እማማ፣ እስኪረጋጋ ድረስ እዚህ ወንበር ላይ አረፍ ይበሉ።»

እናቱ ሊቀመጡ ሲሉ የሆነ ነገር ቆረቆራቸውና ከሥራቸው አንድ ቁራጭ ጣውላ አወጡ። ጣታቸው በላዩ ሄደና ቆመ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አሉ። «ይሄ ሽንት ቤት ነው!»

«እሱ እኮ መጀመሪያ ለመሞከሪያ የቀረጽኩት የሽንት ቤቱ ቁራጭ ነው፣ እማዬ፤ ከማሽኗ እንደወጣ ነው። ጫፉ ተቃጥሏል፣ ቀለሙም ሌላ ነው፣ አስቀያሚ ነው።»

«ታዲያ ማን ያየዋል?»

መምህሩ ወደ መደገፊያው ዞረ። ግድግዳው ላይ የሚያብረቀርቀውን፣ የጨረሰውን ብቸኛ ሥራውን፣ ለአፍታ ተመለከተው። ከዚያ ተንበርክኮ የሽንት ቤቱን ቁራጭ ብሎኖች አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ። መሞከሪያውን በቦታው ከማሰሩ በፊት ስንጣሪው እንዳይወጋቸው ብሎ ብርጭቆ ወረቀቱን አነሳ፤ ዐይኑን ጨፍኖ ጭረቶቹ በሌሉበት ከታች በኩል ሁለት ጊዜ ብቻ አሸው። ለሦስተኛ ጊዜ ማሸት ሲያምረው ግን ወረቀቱን ለሚስቱ ዘረጋላት።

«ያዢልኝ» አላት። «ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»