ለግልገሎቹ አንጀት

ጡት ከጣሉት ሃያ ሁለት የአሳማ ግልገሎች አራተኛው የሞተ ጠዋት፣ መኖ የምትቀይጠው ባለቤታቸው ሚዛኗን ከግድግዳው ጋር ልታላትመው ምንም አልቀራት። ሚዛኑ ግን አልዋሸም። የእንስሳት ሐኪሙ እንዳዘዘው፣ ለአንድ ኩንታል መኖ ከአዲሱ ዱቄት ሁለት መቶ ግራም ጨምራለች። ዱቄቱ ሕያው ባክቴሪያ አለው፤ አንጀታቸው ገብቶ ከመጥፎው ጋር ቦታ ይሻማል፣ ተቅማጥም ይከላከላል ተብሎላታል። እሷ አንድ ቀን ሳታጓድል ብትመዝንም፣ ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት።

ለሐኪሙ ደወለች።

«መጠኑን ጨምሪው» አላት።

«ባለፈው ሳምንት ጨምሪ ብለኸኝ ጨምሬያለሁ እኮ።»

«እንግዲያው ታገሺ።»

ቆሽቷ እያረረ ስልኩን ዘጋች። ምናልባት ገንዳው ቆሽሾ ይሆናል ብላ ወደ በረቱ ወረደች። ግልገሎቹን የሚመግቡት አማቷ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብለው መኖ ያማስላሉ። ከባልዲው እንፋሎት ይወጣል።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያራስኩላቸው ነዋ። ሆዱን ለታመመ ደረቅ ነገር ይሰጣል እንዴ? በፈላ ውሃ ለውሼ፣ በረድ ሲል ነው የማቀርብላቸው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከእናታቸው ከተለዩ ጀምሮ።»

የመኖ ከረጢት ላይ ቁጭ አለች። ያ ሁሉ ምዘና፤ ባክቴሪያው ግን በየቀኑ ሲቀቀል ከርሟል። ልትጮህ አፏን ከፈተች። ግን አማት ናቸው፤ ጉልበታቸው እያመማቸው በየማለዳው ውሃ የሚያፈሉት አዝነው ነው። ደግሞም «በሙቅ ውሃ አይበጥበጥ» የሚለውን ማሸጊያው ላይ ያነበበችው እሷ ናት። አንድም ቀን አልነገረቻቸውም።

«አባባ፣ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ነፍስ አለው። የፈላ ውሃ ይገድለዋል።»

ሽማግሌው ማማሰያውን አስቀመጡ። «ታዲያ አራቱን የፈጀኋቸው እኔ ነኝ?»

«አይደሉም» አለች። እርግጠኛ አልነበረችም፤ ያለ ዱቄቱም የሚያድጉ አሉ፣ ዱቄቱን እየበሉም ጡት በጣሉ ሰሞን የሚሞቱ አሉ።

«ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ…» አሉና ሳይጨርሱት ባልዲውን ወስደው ደፉት።

ከዚያ ወዲህ መኖው በቀዝቃዛ ውሃ ተለወሰ። ተቅማጡ በስድስተኛው ቀን ቆመ፤ ያም ሆኖ አንዲት ግልገል ተጨምራ ሞተች። ሐኪሙ ደውሎ «አየሽ፣ ትዕግሥት ነው» ሲላት፣ ስልኩን ዘጋችበት።

አማቷ ዛሬም መኖ ከመለወሳቸው በፊት ውሃውን ይዘውላት ይመጣሉ። «እስቲ ንኪው» ይሏታል። ቀዝቃዛ እንደሆነ እያወቀች ጣቷን ትነክራለች፤ በራሷ መናደዷ ግን አልበረደላትም።